አባዬ «ተው!» ያለ ቀን

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ውሾቹ ስለሆነ እኔም ከነሱው ልጀምር። ዳኛው ትንሽ ወፍሯል። ቁንዶ ያው ቁንዶ ናት፤ ትናንት አንዱን ካልሲዬን ቦጫጭቃ ሌላውን ምራልኛለች።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ግን በስልክ መናገር ያፈርኩት ነገር ስላለ ነው።

ልጅዎ ዘንድ ሊሄዱ የተነሱ ዕለት ትዝ ይልዎታል? በራችን ላይ ቆመው፣ የልብስ ስፌት መለኪያዎ አንገትዎ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ «ፎቅ ቤት ነው፤ ውሻ አናስገባም አሉኝ» ብለው አለቀሱ። እኔም «እትዬ፣ ምን ችግር አለ? እኛ ጋ ይኖራሉ» አልኩዎት። ዋሽቼዎት ነበር። በማግስቱ ከመድኃኒት ቤታችን ጀርባ ያለውን የመጋዘን ጥበቃ አነጋገርኩና ቅዳሜ መጥቶ እንዲወስዳቸው ተስማማን።

የዚያን ጊዜ ኑሮዬን ያውቁታል። አባዬ በስትሮክ ከወደቀ ሰባተኛ ወሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ የመኪና መነሻና መድረሻ ሲያስታውቅ የኖረ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ቀርታው ነበር፤ «እሺ»። «ሻይ ላምጣልህ?» «እሺ።» «አመመህ?» «እሺ።» አንድ ቀን ሻዩ ምላሱን አቃጥሎት እንባው እየወረደ እንኳ «እሺ፣ እሺ» ነው ያለኝ። ጠዋት እሱን አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ፣ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስሸጥ ቆሜ ውዬ ስገባ ደግሞ ሁለት ውሻ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ።

ውሾቹ የሚሰሟቸውን ቃላት ጽፈው የሰጡኝን ወረቀት በቅጡ ሳላነበው ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌው ነበር። በኋላ ሳነበው ብቻዬን ሳቅኩ። «ቁጭ፦ ይቀመጣሉ። ተው፦ ለሁለቱም ነው፤ ‹ተዪ› ብትያት ቁንዶ አትሰማሽም። ገላ፦ እነሱ ፊት ይህን ቃል አትጥሪ፤ ካልጋ ሥር ይገባሉ። ጎሽ፦ በቀን ሦስት አራቴ ካልሰሙ ይከፋቸዋል።»

ቅዳሜ ጥበቃው ገመድ ይዞ መጣ። ቁንዶ ነገሩ ገብቷት አባዬ ወንበር ሥር ተወሸቀች። ሰውዬው አንገቷ ላይ ገመዱን አስገብቶ መጎተት ሲጀምር ዳኛው ጥርሱን አወጣ።

«እረ እህቴ፣ ይሄ ትልቁ ሊበላኝ ነው!»

«ምንም አይልህም፣ ጎትታት!» አልኩ። እንዲህ ብያለሁ፣ እትዬ።

ቁንዶ ስታለቅስ አባዬ በደህናው እጁ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ያ በሽታ ተመልሶ መጣበት ብዬ ወደ እሱ ተራመድኩ።

«ተ... ተ... ተው!»

የመናኸሪያው ድምፅ ነበር። ዳኛው ቁጭ አለ። ቁንዶ ጸጥ አለች። ጥበቃው ገመዱን ለቀቀ። እኔም ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

«አባት፣ ለኔ ነው ለውሾቹ?» አለ ሰውዬው።

«ለሁላችንም ነው» አልኩት።

ጥበቃው ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «በሉ፣ ይሄ ቤት ባለቤት አለው» ብሎ ወጣ።

ሰኞ አባዬን ለምትከታተለው የንግግር ሐኪም ነገርኳት። ሳትደነቅ ሰማችኝና «አባትሽ ሲጀምር አንቺ ቶሎ ትጨርሽለታለሽ አይደል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ሻ...» ሲል «ሻይ?»፣ «መ...» ሲል «መኝታ?» እያልኩ፣ የረዳሁት መስሎኝ ቃሉን ካፉ ስነጥቀው ከርሜያለሁ። እሱም ሲሰለቸው «እሺ» ብሎ ተወው። ውሾቹ ግን አይጨርሱለትም፤ ይጠብቁታል።

ከዚያ ወዲያ ወረቀትዎን ከማቀዝቀዣው ላይ አንስቼ አባዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። «ቁጭ» ዘጠኝ ቀን ፈጀ። «ቁ...» ሲል ዳኛው መቀመጫውን እስከ ግማሽ ያወርድና ቀሪው እስኪመጣ እዚያው እንደተንጠለጠለ ይጠብቃል። እግሩ እየተንቀጠቀጠ! አባዬ በሳቅ ሲፈርስ ቃሉ ይጠፋውና እንደገና ይጀምራሉ። «ገላ» የወጣችው ደግሞ በድንገት ነው። ቤቱ በአንዴ ባዶ ሲሆን አባዬ ያደረገው ነገር ገርሞት ደጋግሞ አላት፤ እስኪመሽ ከአልጋው ሥር የወጣ ውሻ አልነበረም።

ሌላም ልናዘዝልዎ። ቀንቻለሁ። ሰባት ወር አጥቤው፣ አገላብጬው፣ ቃል የወጣው ለውሻ ነው እያልኩ ማድ ቤት ገብቼ ሳህን አጋጫለሁ። አንድ እሑድ ጥፍሩን ስቆርጥለት በዚያ በማይታዘዘው እጁ፣ በቀኙ፣ ቀስ ብሎ ራሴን ነካኝ። «ጎሽ» አለኝ። ልክ ቁንዶን እንደሚላት። ልስቅ ስል እንባዬ ቀደመኝ። ለካ እኔንም በቀን ሦስት አራቴ ካልሰማሁ የሚከፋኝ ቃል ነበረ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ማንም ብሎኝ አያውቅም።

እትዬ፣ አደራዎን ዋሽቼ ስለተቀበልኩ ይቅር ይበሉኝ። ለአባዬ አፍ ሰጥተውታል፤ ለእኔ ደግሞ አፌን መዝጋት አስተምረውኛል። ሁለቱም ትልቅ ውለታ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ አባዬ አጠገቤ ነው። «ለእትዬ እየጻፍኩ ነው፤ ምን ልበልልህ?» አልኩት። ብዙ አሰበ። «ሰላም ልበልልህ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ከንፈሬን ነከስኩ። ብዕሬን ይዤ ጠበቅኩት።

«ይ... ይምጡ» አለ። ትንፋሹን ሰበሰበና ጨመረበት፦ «ይምጡ። ክፍል አለ።»

አዎ፣ አለ። የእኔን ክፍል ለቅቄልዎታለሁ፤ አንሶላውም ተቀይሯል። ሳምንትም ይሁን ወር፣ ደስ ያለዎትን ያህል ይቀመጡ። ዳኛው አልጋው ላይ ካልተኛሁ ቢል ግን ያስለመዱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ የለሁበትም።

ውለታዎን የማልረሳው ጎረቤትዎ፣
የመድኃኒት ቤቷ ልጅ