የኃይለመለኮት ቁጠባ

አሌክሳንድሪያ፣ አሜሪካ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ አበጀ፤ ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እናንተ ደኅና ከሆናችሁ እኔም ቆሜ እሄዳለሁ።

ባለቤቴ ኃይለመለኮት የቤቱን ስልክ ከግድግዳው የነቀለው በገና ዕለት፣ እርስዎን «እንኳን አደረሰዎ» እያልኩ ሳለ ነው። መስመሩ የተበላሸ መስሎዎት ይሆናል። «ሰላምታችሁ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ወጪ ነው» አለኝ።

ሽማግሌ ሲልክ «ቆጣቢ ልጅ ነው» ብለው የመረቁት እርስዎ ነዎት፤ እውነትም ይቆጥባል። ማሞቂያው የሚበራው እሱ ከፓርኪንግ ሥራው ሲመለስ ብቻ ስለሆነ፣ ቀን ካፖርት ለብሼ ምስር እለቅማለሁ። እዚህ የጀመርኩትን ኮሌጅም «በሜትሮ ባቡር መመላለስ ገንዘብ ማባከን ነው» ብሎ አስተወኝ። ቤተ ክርስቲያን በወር አንዴ ሆኗል።

ትናንት ፓስፖርቴንና ግሪን ካርዴን «ቢጠፉ ማስተኪያቸው ውድ ነው» ብሎ ይዞ ወጣ። ማታ ሲመለስ የት እንዳስቀመጣቸው ስጠይቀው ሳቀ።

«አንቺ እኮ ዲግሪ ያለሽ ሴት ነሽ፤ ሂሳብ አይገባሽም?»

«ይገባኛል» አልኩት። «የምትቀንሰው ከእኔ ብቻ ነው።»

ሳቁን አቆመ። 

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ መሰረት ናት። መልሱን በእሷ ስም ይላኩ፤ በእሱ ሞባይል አይደውሉ። ቅዳሜ ወረቀቶቼን እጠይቀዋለሁ፤ መሰረት በራችን ላይ እንድትቆም ነግሬያታለሁ።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ ብርዱ ተስማምቷታል ይበሏት። ጸሎታችሁ አይለየኝ። ምርቃትዎን አከብራለሁ፤ ከእንግዲህ ግን የእኔ ስም ያለበት ወረቀት በሌላ ሰው ኪስ እንዲያድር አልቀበልም።

ልጅዎ ብሩክታይት