ጀርባውን ያሳየሁት ጥልፍ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ሕፃኑስ ጥርስ አበቀለ? እኛ ደህና ነን። አክስታችንን ብቻ ጉልበቷ እንደ ልማዱ ያስቸግራታል፤ አፏ ግን ደህና ነው።

እታለም፣ በስልክ ብጽፍልሽ ሳልጨርስ ትመልሺልኛለሽ። ስለዚህ ነገ ወደ እናንተ በሚመጣው ሹፌር እጅ ይህን ላክሁልሽ። ተናድጄብሻለሁ።

በስልክ ያስገባሽኝ የባለሙያዎች ማኅበር ደስ ይላል። ሠዓሊውም፣ ሸክላ ሠሪዋም ከየአገሩ ሥራውን ያሳያል፤ የወደደ ያዛል። እኔም ስፈራ ስቸር ቆይቼ የአንገት ጥልፌን ፎቶ ላክሁ። ያነሣሁት ግን ጀርባውን ነው። አክስታችን "ሙያ በጀርባው ይታወቃል" እያለች፣ ሥራ ስናሳያት መጀመሪያ ገልብጣ ጀርባውን አይደል የምታየው? ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ መስሎኝ ነበር።

እነሱ ግን ያላለቀ መሰላቸው። አንዷ "ስትጨርሺው አሳዪን" አለች። አንድ ቆብ ጠላፊ ብቻ "ጀርባው እንዲህ ከጠራ ፊቱን ማየት አለብኝ፤ አብሮኝ የሚሠራ ሰው እየፈለግሁ ነው" ብሎ ጻፈ። መልሱን ስጽፍ ሳጠፋ፣ ስጽፍ ሳጠፋ አንቺ ቀደምሽኝ። "ታናሽ እህቴ ናት፣ ዓይነ አፋር ናት፣ ገና ጀማሪ ናት፣ አበረታቷት" አልሽ። ከዚያ የልብ ምልክት ዘነበብኝ። "አይዞሽ የኔ ቆንጆ" ያላለኝ የለም። ሰብሳቢዋም ወደ ጀማሪዎች ክፍል አዛወረችኝ።

ለደግ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጀማሪ ናት ማን አለሽ? ከዚያ ክፍል ለመውጣት፣ ሁሉም በሚገኝበት የቅዳሜ ስብሰባ ሥራን በድምፅ ማስረዳት ግድ ነው። ባለፈው ገባሁና ድምፄን ስከፍት የአክስታችን ስፌት መኪና ብቻ ተሰማ። አንዱ "ይሄ ባቡር የማነው? ዝጉት እንጂ!" ሲል ሁሉም ሳቁ። ዘጋሁት።

አክስታችን "ገልብጠሽ አታሳዪያቸውም? አፍሽን ማን ለጎመው?" ትለኛለች። የማሽን ጥልፍ ረክሶ የእጅ ጥልፍ የሚያሠራን ሰው ጠፍቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ በስልኩ ትእዛዝ ካልመጣ ጥልፉን ትቼ የደንብ ልብስ ጫፍ እንድሰፋ ወስናለች። እታለም፣ ከመርፌዬ ሌላ ምን አለኝ?

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ለቆብ ጠላፊው አስረጂልኝ ብዬ ልለምንሽ ነበር። እየጻፍሁ ሳለ ተውሁት። ቅዳሜ ካሜራውን ከፍቼ ፊቴን ሳይሆን ጥልፉን የያዘ እጄን አሳያለሁ፤ መጀመሪያ የጥልፉን ጀርባ፣ ከዚያ ፊቱን። "ይሄ ያለቀ ሥራ ነው" እላለሁ፤ ሌላ ቃል ባይወጣኝም እሱ ይበቃል። አንቺም ግቢና ስሚ። ግን እባክሽ ልብ አትላኪልኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። የሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። አክስታችን ሰላም ብላሻለች፤ ቅዳሜ እኔ ስናገር መኪናዋን ልታቆም ምላለች።

ታናሽሽ

ከስፌት ቤቱ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን