የጃዝጉል ክር

ወንድሜ ስዩንበክ፣

የጃዝጉል እግር በቀዶ ሕክምና ሊቃና ነው፤ ትናንት ቢሽኬክ ላይ ሐኪሙ ነገረን።

ለመሆኑ አንተ እንዴት ሰነበትክ? የሳይቤሪያው ብርድ እንዴት ይዞሃል? የምታድርበት ቤት ይሞቃል ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከብቱም በረዶው ሳይቀድመው ከተራራ ወርዷል።

ሐኪሙ የልጄን እግሮች ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በረጅም ራጅ አስነሥቶ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረበት። የጉልበቷን መሀል መንካት የነበረበት መስመር በውጭ በኩል አልፎ ይሄዳል። ከጉልበቷ በላይ ያለውን አጥንት ቆርጦ፣ አቃንቶ፣ በብረት ያስረዋል። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ፣ "ቁመቴም ይጨምራል?" ብላ ጠየቀችው። "ትንሽ" አላት። እስከ ቤት ስትዘፍን መጣች።

እናታችንን ታውቃታለህ። ልጅቷ መሄድ የጀመረች ዕለት፣ እንደ ወጋችን እግሯ ላይ የታሰረውን ጥቁርና ነጭ ክር በሩጫው ሁሉንም ቀድመህ የቆረጥከው አንተ ነህና፣ ለእሷ ጥፋቱ ዛሬም ያንተ ነው። "የቆራጩ አካሄድ ለልጁ ይተርፋል፤ ጉልበቱ እየተጋጨ የሚሮጥ ቢላዋ አይያዝ ብዬ ነበር!" ትላለች። ሐኪሙ፣ "እማማ፣ ክሩ ምን አደረገ? በልጅነቷ አጥንቷ ስለለሰለሰ ነው" ቢላት ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። ከበር ስንወጣ ግን፣ "ሐኪሙ ራሱ እንደ ዳክዬ ነው የሚሄደው፤ የሱን ክር ማን ቆርጦለት ይሆን?" አለችኝ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሁለቱም እግሮች በአንድ ቀን ከተሠሩ ብዙ ሳምንት አትቆምም፤ አንሥቶ የሚያስቀምጣት ብርቱ ሰው ያስፈልጋታል። የባለቤቴን ወገብ ታውቀዋለህ። ሰው ካልተገኘ አንዱ አሁን፣ ሌላው ለከርሞ ይሆናል። ጃዝጉልን ብጠይቃት፣ "አንዱ እግሬ ዘንድሮ፣ አንዱ ከርሞ ሊደርስ ነው? አጎቴ ይምጣና ሁለቱም አብረው ይድረሱ" አለችኝ። በቆመች ቀን ክሯን እንደገና አንተ እንድትቆርጥላት ትፈልጋለች። ይህን አያቷ እንዳትሰማ ተማክረን ነበር።

ባለቤቴ አቢልዳ ሰላም ይልሃል፤ ፈረስህ በመቀመጥ ብዛት ወፍሯል፣ መጥተህ አሩጠው ብሏል። ጃዝጉል ጉንጭህን ስማለች። እናታችን ሰላምታ አልላከችም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ጥቁርና ነጭ ሱፍ ስትገምድ አገኘኋት። "ለጥጃው ማሰሪያ ነው" አለችኝ። የጥጃ ማሰሪያ እንዲህ ሲቀጥን አይቼ አላውቅም።

ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውልልኝ። ሐኪሙ መልሳችንን እስከ ኅዳር ሠላሳ ይጠብቃል።

እህትህ ቁንዱዝ
አት-ባሺ፣ ኅዳር 4 ቀን