ልባሱ ላይ የሰፋኋት ጨረቃ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ መርሳ

ሦስት ቀን ክር ሲበጥስብኝ የሰነበተው የቆዳ መስፊያ መኪና ዛሬ እሺ አለኝ። ለካ መርፌውን ጀርባውን አዙሬ ነበር ያስገባሁት! በደስታ የሼህ አሊን የቁርኣን ልባስ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ሰፍቼ ጨረስኩ። ለጌጥ ብዬም ፊቱ ላይ ጨረቃ ሰፋሁበት።

ሼህ አሊ መጥተው ቁርኣናቸውን ሲያለብሱት ጨረቃዋ ከኋላ ሆነች። እኔ እቴ፣ የለመድኩት ለመዝሙረ ዳዊት መስፋት ነው፤ ቁርኣን ከቀኝ እንደሚገለጥ መች ትዝ አለኝ! ጨርቅ ቢሆን ተርትሬ እመልሰው ነበር፤ ቆዳ ግን አንዴ ከተበሳ አይደፈንም።

«በሌላ ቆዳ እሰፋልዎታለሁ» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

«ተይው ልጄ። ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ስዘጋው፣ ያኔ ትወጣልኛለች።»