የኦስቲያ ገመዶች ጠባቂዎች

ውድ ልጄ ሰብለወንጌል፣

ስልኬን ስለማታነሺ ይኸው ወረቀት ላይ መጣሁብሽ። ያ የሳርዴኛ ደሴት እንዴት ያደርግሽ ይሆን? ብቻ ጤናሽን ይስጥልኝ።

ጥፋቴን ልናገር። ከሮም ወጣ ብሎ፣ ኦስቲያ ላይ የቦዩ ቆሻሻ ባሕር በሚገባበት ቦታ፣ ያንን ኮጼ የሚሉትን ጥቁር ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት በገመድ አንጠልጥለሽ ውሃውን እንደምታጣሪበት ስትነግሪኝ፣ «ስንት ዓመት የሰው ቤት እየጠረግሁ ያስተማርሁሽ ለዚህ ርኩስ ነው?» አልሁሽ። አምና ሽርሽረኛው ገመድሽን ቆርጦ ኮጼውን ሲበላው ደግሞ «እሰይ!» አልሁ። አፌን ቁርጥ ያድርገው! በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ሳርዴኛ ሄድሽ።

ግንቦት ላይ ያን ባለ ጀልባ የሥራ ባልደረባሽን፣ ረዘነን፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አገኘሁት። «እማማ ጌጤ፣ ዘንድሮም ከተሰረቀ ሥራው ይዘጋል፤ የሰብለ ልፋት ገደል ገባ» አለኝ። ኮጼው የውሃውን ቆሻሻ ሆዱ ውስጥ ስለሚያስቀር የበላውም ሰው ይታመማል። ጠባቂ ቢቀጥሩ፣ ጠባቂው ራሱ እየቀቀለ በላባቸው! «አሎራ፣ እንደ እኛ ርኩስ ነው ብሎ የማይበላ ሰው አስቀምጡዋ!» አልሁት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገመዱን አብረን እንድንጠብቅ የማኅበራችንን ሴቶች ለመንኋቸው። ሮማነወርቅን ታውቂያት የለ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና የቀንድ አውጣ ዘበኛ ልታደርጊን ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ግን ከሁሉም ቀድማ የኦስቲያው ባቡር፣ ትሬኖው ላይ የተገኘችው እሷ ናት። በጋውን ሙሉ በእረፍታችን ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ፣ ነጠላችንን ለብሰን ገመዶቹ አጠገብ ካለው የቦዩ ድልድይ ላይ ተደረደርን። ሌላውን ቀን ረዘነ ይጠብቃል። ጣሊያኖቹ መነኮሳት መስለናቸው ሲያልፉ ያማትባሉ።

አንዱ ሰውዬ ቢላዋና ባልዲ ይዞ ሲጠጋ ጮህሁበት። «ሲኞራ፣ ግማሹን ላካፍልሽ» አይለኝ መሰለሽ፣ ደፋር! «እኛ አንበላም፣ አንተም አትበላም» አልሁት። አጉረምርሞ ሄደ።

አንድም ገመድ አልተነካም። ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ውሃውን ለክተው፣ ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው፣ ጠርቷል አሉ። ገመዱን ሊጨምሩ ነው፤ አንቺንም ይፈልጉሻል። አዲሷ አለቃቸው «ውሃውን በዚህ ማጣራት ያሰበው ማነው?» ብላ ሌላ ሰው ስትጠይቅ እኔ ዘልዬ ገባሁ፤ «ልጄ! መሐንዲሷ የእኔ ልጅ ናት!» አልሁ። ሮማነወርቅ ቀሚሴን ብትጎትተኝም አልተውሁም። ኮርቻለሁ፣ ምን ይደረግ!

ሃያ ሦስት ዓመት ሮም ስኖር እግሬን ባሕር ነክሬ አላውቅም። እሑድ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ውሃው ውስጥ የእግሬን ጣቶች አየኋቸው። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ግን ፈራሁና ቆምሁ። ነይና እጄን ያዥኝ።

የኮራችብሽ እናትሽ፣
ጌጤ