የጠረጴዛው ኳኳታ

ሰኞ፣ ኅዳር 5። ጠዋት 3 ሰዓት
አዳራሹን ከፈትኩ። ጠረግኩ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን፣ ሚክሰሩን፣ አበራሁ። አዲሶቹ ማይኮች ደርሰዋል። አራት ናቸው። እጀታ የላቸውም፤ ጠፍጣፋ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ይለጠፋሉ። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ እኩል ይሰማል። እርሳስ ቢወድቅም ይሰማል።
ያስገዛቸው አባዬ ነው። የአስታራቂ ሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እሱ አይደል? ማይክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽማግሌ ይንገላታል እያለ ኃላፊዬን ሲጨቀጭቅ ከረመ። ለሰው ማሰቡ! ኮራሁበት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7። ከሰዓት
ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው የምጽፈው።
በእርሻ ወሰን የተጣሉት የጉደር ቤተሰቦች መጡ። አዳራሹ ሞላ። አባዬ በኦሮምኛ መርቆ ጀመረ፤ ከዚያ በአማርኛ። ድምፁ ጥርት ያለ። ወዲያው ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በሁሉም ስፒከር። ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ማይክ ቀየርኩ። ያው ነው። ከኋላ አንዱ፣ ጎረቤት ሚስማር እየመቱ ነው እንዴ አለ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።
ድምፁን ዘግቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። የአባዬ ቀኝ እጅ ነው። ይንቀጠቀጣል። የጋብቻ ቀለበቱ ጠረጴዛውን ይመታል። በግራው ሊይዘው ይታገላል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ቀድሞ አቀረቀረ።
ለሕዝቡ ማይኩ ተበላሽቷል አልኩ። ጉባኤው ለሰኞ ተዛወረ።

ያው ቀን። 12 ሰዓት
አባዬ ባጃጅ ውስጥ እጁን ኪሱ ከቶ መጣ።
አሁን ገባኝ። ማይክ መጨበጥ የተወው ለሽማግሌዎቹ ብሎ አይደለም። ዓይኔ ደክሟል እያለ ደብዳቤውን የሚያስጽፈኝም ለዚህ ነው። እንግዳ ፊት ሻይ የማይጠጣውም። አንድ ጣሪያ ስር እየኖርኩ! ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 9
ኃላፊዬ ማይኮቹ ብልሹ ናቸው ብለሽ ጻፊ፣ ይመለሱ አለኝ። እሺ አልኩ። ውሸቴ እግር አወጣ።
ከማይኮቹ ስር ስፖንጅ አደረግኩ። ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።
ማታ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። ማን ታመመና ብሎ ተቆጣኝ። ራቱን ሳይነካ ገባ።

እሑድ፣ ኅዳር 11
ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠራኝ።
«ስንት ሰው ሰማው?»
«አዳራሹ በሙሉ።»
«እጄ መሆኑንስ?»
«እኔ ብቻ።»
ከእናትሽ ሙት ዓመት ወዲህ ነው የጀመረኝ አለ። ሐዘንሽ ላይ ሌላ ልጨምርብሽ አለኝ? ቀጥሎ ያለው ነው የገደለኝ፦
«እኔን ለመሸፈን ሰው ፊት ዋሸሽ። እንዲህ አድርጌ አላሳደግኩሽም ነበር።»
አለቀሰ። አባዬ! እናቴ ስትቀበር እንኳ እኔን ሲያጽናና ነበር። እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት። አልቆመም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12
ሊቀር ነው ብዬ ነበር። ሄደ። እጁን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት አኖረው። ኳ፣ ኳ። ልዘጋ ስል በዓይኑ ከለከለኝ።
«ማይኩ ደህና ነው። የምትሰሙት የኔ እጅ ነው። ልጄ ተበላሽቷል ያለችው አዝናልኝ ነው እንጂ ብልሽት የለበትም።»
ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።
ጉዳዩን ለምክትሉ አስረከበ። ሰብሳቢነቱንም። ከጉደሮቹ አንዱ አዛውንት ተነስቶ፣ ኦቦ ጌታቸው አንተ ካልጨረስክልን ማን ብሎ ለመነው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ዱላውን ይዞ ብቻውን ወጣ። ሚክሰሩን ትቼ መከተል አልቻልኩም። ከመድረኩ እስከ በሩ ያለው መንገድ እንደዚያ ረዝሞ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13። ንጋት 12 ሰዓት
ለኃላፊዬ ጻፍኩ። ማይኮቹ ጤነኛ ናቸው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። የመጣው ይምጣ።
ዛሬ አዲስ አበባ፣ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው። እሺ ብሏል። ሰው ፊት ክንዴን አትያዢኝ ብሎ ግን አስምሎኛል።
አሁን ከጓዳ እየጠራኝ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት። እስከ ዛሬ ለእንዲህ ያለ ነገር ጠርቶኝ አያውቅም።
ልሂድ