ክርክር የሌለው መልስ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
ከሱቅ

ጨረቃ ላይ ለምትሠራው ልጄ፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ የምጽፍልሽ እሱኑ ለማወቅ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ቀለምና ብሎን መሸጤን አልተውኩም። ወንድምሽ «በቃሽ እማዬ፣ አሁንስ እረፊ» ይለኛል። እሱ ዕረፍት የደከመው ሁሉ የሚያገኘው ነገር መስሎታል።

ሰሞኑን የምትልኪው መልእክት አላማረኝም። ባለፈው ሆን ብዬ «ሱቁን ልሸጠው ነው፤ የአባትሽንም ወንበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብሬ» ብዬ ጻፍኩልሽ። «እሺ እማዬ፣ ደስ ያለሽን አድርጊ» የሚል መልስ መጣ። አንቺ? እሺ? አፍ ከፈታሽ ጀምሮ ሳትከራከሪኝ እሺ ብለሽኝ አታውቂም። ዕድሜዬን በሙሉ ስሸጥ ኖሬ፣ ዋጋ ሳይከራከር እሺ የሚል ሰው ልቡ ሌላ ቦታ እንደሆነ ሳላውቅ እቀራለሁ?

መሥሪያ ቤትሽ ደወልኩ። ሰውየው «ሥራ በዝቶባት ነው፣ እናቴ» አለኝ።

«ሥራ ሲበዛባትማ አውቃታለሁ፤ ያኔ ክርክሩ ይብስባታል፣ ትነጫነጫለች» አልኩት።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። አብሮሽ ከሚቆፍረው ሮቦት፣ ነገር ስለማይመልስ «ጨዋው» ብለሽ ስም ካወጣሽለት ጋር፣ በረዶ ስትፈልጉ ጉድጓዱ እንደተናደ። እግርሽ እንደተሰበረና እሱ ተሸክሞ እንዳወጣሽ። «እናቴ እንዳትሰማ፣ አንተ መልስላት» እንዳልሽውም። ከስብራቱ የመጣው ትኩሳት እስካሁን አልለቀቀሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተሻል አሉ።

አልተቆጣሁም። ቁጣም አቅም ይፈልጋል።

ጨዋው፣ ይህን ቀድመህ የምታነበው አንተ ነህ። ልጄን ስለተሸከምክልኝ ብሎንህ አይላላ፣ ዝገት አይንካህ። ግን በእሷ ስም እሺ አትበለኝ። ከራስጌዋ ቁጭ በልና ጮክ ብለህ አንብብላት። ለወንበሩ ገዢ መጥቷል፣ ነገ ይወስደዋል በላት። እሷው ራሷ እምቢ ካላለች ይወስደዋል።

ልጄ፣ እግዚአብሔር አጥንትሽን ይጠግንልሽ፣ ትኩሳቱን ያብርድልሽ። የምጽፈው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መልስሽ እስኪመጣም አልነሳም።

በይ ንቂና ተከራከሪኝ።

እናትሽ